ሙዚቃውን ለማን ነው የከፈታችሁት?

የሰው ውሻና ድመት አሳድራለሁ። ባለቤቶቹ መንገድ ሲወጡ እኔ ጋ ይተዋቸዋል፣ ሲመለሱ ይወስዷቸዋል። የምተዳደረው በዚህ ነው። ውሻውን ሲያስረክቡኝ ምግቡን፣ ምንጣፉን፣ መድኃኒቱን ይሰጡኛል። ከዚያ በር ላይ ሲደርሱ ዞር ይሉና አንድ ነገር ይጨምራሉ።

«ሙዚቃ ይወዳል፤ ክፈችለት እሺ?»

«እንደሚወድ በምን አወቃችሁ?» እላለሁ።

«ስንከፍትለት ዝም ይላላ!»

ዝም ማለት መውደድ አይደለም። ውሻ ሲፈራም ዝም ይላል። ድመትማ ስትጨነቅ ድምፅዋ ጭራሽ ይጠፋል። አልጋ ሥር ገብታ ትኮራመታለች፣ ባለቤቷ ደግሞ «ተኝታለች» ይላል። ስለዚህ «ሙዚቃ እንስሳን ያረጋጋል ወይ?» ከማለት በፊት የእናንተ እንስሳ ሲረጋጋ ምን እንደሚመስል ማወቅ ይቀድማል። እሱን ካወቃችሁ ሌላው ቀላል ነው። ካላወቃችሁ ግን የትኛውንም ፕሌይሊስት ብትከፍቱ ጠብ የሚል ነገር የለም።

መጀመሪያ በዝምታ እዩት

ስልካችሁን ክፍሉ ጥግ ላይ አቁሙና ቪዲዮ መቅዳት ጀምሩ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሙዚቃ፣ ቲቪ፣ ሬዲዮ የሚባል ነገር አይኑር። እናንተም ውጡ። ውሻ ሰው ካለ ፊቱን እያነበበ ነው የሚውለው፤ እናንተ ቁጭ ብላችሁ የምታዩት ጠባይ የእሱ ብቻ አይደለም፣ የእናንተም ጭምር ነው።

የተረጋጋ ውሻ በጎኑ ይጋደማል። እግሮቹን ይዘረጋል፣ አንገቱን ይጥላል። ያልተረጋጋው ደግሞ ተኝቶም ቢሆን ደረቱን ወለል ላይ አድርጎ ራሱን አቅንቶ ነው የሚቀመጠው። ለመነሳት ዝግጁ ነው። እንቅልፉ ሳይመጣ ያዛጋል። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል። ሳይሞቀው ያለከልካል። ጭራውን ይወሽቃል፣ የዓይኑ ነጭ በጎን ይታያል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢታይ ምንም አይደለም። ሁለት ሦስቱ ተደራርበው ከመጡ ግን ውሻው ደህና አይደለም።

ድመት ላይ ጆሮዋን እዩ። ወደ ጎን ተጣጥፎ ጠፍጠፍ ካለ አልተመቻትም። የጭራዋ ጫፍ ብቻውን እየተወራጨ ከሆነም እንደዚያው። ብርሃን ባለበት ክፍል የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ክብ ከሆነ ፈርታለች። ዓይኗን ግማሽ ጨፍና ቀስ ብላ ስታርገበግብ ግን አገር ሰላም ነው።

ቁጥር ከፈለጋችሁ ትንፋሽ ቁጠሩ። ተኝተው ሳሉ ደረታቸው ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ በሉ። ለ30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙት። ውሻም ሆነ ድመት እንቅልፍ ላይ ሆኖ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በታች ነው የሚተነፍሰው። ሁልጊዜ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ጉዳዩ የሙዚቃ አይደለም፣ ሐኪም ይየው። ያገኛችሁትን ቁጥር ጻፉት። በኋላ ሙዚቃ ስትከፍቱ የምታነጻጽሩት ከዚህ ጋር ነው።

ጆሯቸው ሌላ ነው

ጤነኛ ወጣት ሰው ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ (ድምፅ በሰከንድ የሚነዝርበት መጠን፤ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል) ይሰማል። ውሻ ወደ ላይ 45,000 ገደማ ይደርሳል። ድመት 64,000 ገደማ። ላም እንኳ እስከ 35,000 ትሰማለች። ወደ ታች ስንወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወፍራሙን ድምፅ ውሻም ድመትም ከእኛ የተሻለ አይሰሙትም። አይጥማ ከነጭራሹ ሌላ ዓለም ውስጥ ናት፤ የፒያኖው የግራ ግማሽ ለእሷ የለም ማለት ይቻላል።

በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከማህፀን ጀምሮ የሞዛርትን ክላሲካል እየሰሙ ያደጉ አይጦች ከሌሎቹ ይልቅ የተጠማዘዘ መንገድ ውስጥ ቶሎ መውጫ አገኙ የሚል ጥናት ወጥቶ ነበር። ብዙ ሰው ወደደው። በኋላ ሌላ ተመራማሪ ቀላል ጥያቄ አነሳ። አይጥ ማህፀን ውስጥ እያለች አትሰማም፤ ስትወለድም ጆሮዋ ገና አልተከፈተም። ካደገችም በኋላ የዚያን ሙዚቃ አብዛኛውን ኖታ አትሰማውም። ታዲያ ምኑን ሰማች? እኔ «ለእንስሳ ተብሎ የተዘጋጀ» የሚል ነገር ባየሁ ቁጥር ይሄ ጥያቄ ነው የሚመጣብኝ።

ለቤታችሁ የሚጠቅመው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ እናንተ ፀጥ ያለ የመሰላችሁ ክፍል ለድመታችሁ ፀጥ ያለ ላይሆን ይችላል። አንዳንድ ቻርጀር፣ አንዳንድ አምፖል፣ አሮጌ ቲቪ እኛ የማንሰማውን ቀጭን ሲርታ ያወጣል። ባትሪው እያለቀ ያለ የጭስ ማንቂያ በየደቂቃው ጢጥ ሲል ውሻ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ድምፁን ከለመደው ቆይቷል። ስለዚህ ሙዚቃ ከመጨመራችሁ በፊት ቀንሱ። አንድ በአንድ ከሶኬት ንቀሉና ጆሮውን እዩ። ሙዚቃ የተፈለገለት ጭንቀት ቻርጀር በመንቀል ብቻ ሲያልቅ አይቻለሁ።

ለውሻ ምን ይከፈት?

ውሻ ላይ ጥሩ ጥሩ ሙከራ ተሠርቷል። በ2002 የቤልፋስት ተመራማሪዎች መጠለያ ውስጥ ላሉ ውሾች የሰው ወሬ፣ ክላሲካል፣ ፖፕና ሄቪ ሜታል በየተራ አሰሟቸው። ክላሲካል ሲከፈት ውሾቹ ብዙ ተኙ፣ ጩኸታቸውም ቀነሰ። ሄቪ ሜታል ሲከፈት ጩኸቱ ባሰ። ፖፕና ወሬ ምንም ለውጥ አላመጡም። በ2012 ኮሎራዶ ውስጥ በ117 ውሾች ላይ የተሠራውም ወደዚያው ያደላል፤ በክላሲካል እንቅልፍ፣ በሄቪ ሜታል መንቀጥቀጥ። እዚያ ላይ አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። «ለውሻ ማረጋጊያ» ተብሎ ልዩ ሆኖ የተቀናበረው ሙዚቃ ከተራው ክላሲካል አልበለጠም። ስለዚህ ለዚህ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ።

ግን ክላሲካልን እንደ ታቦት አትያዙት። በ2017 የግላስጎ ተመራማሪዎች ከስኮትላንድ የእንስሳት መጠለያ ጋር ሆነው አምስት ዓይነት ሙዚቃ ሞከሩ፦ ሶፍት ሮክ፣ ሞታውን (የድሮ የአሜሪካ ሶል)፣ ፖፕ፣ ሬጌና ክላሲካል። የልብ ምታቸው መረጋጋትን በጉልህ ያሳየው በሶፍት ሮክና በሬጌ ነበር። ለየትኛውም ሙዚቃ ቢሆን ውሾቹ ከመቆም ይልቅ መተኛት አበዙ። ስለዚህ የዘፈኑ ስም ብዙም አያስጨንቃችሁ። ፍጥነቱን ተመልከቱ። ለ15 ሰከንድ ከምቱ ጋር ጣታችሁን እያሳረፋችሁ ቁጠሩና በአራት አባዙ። በደቂቃ ከ100 በታች የሆነውን ውሰዱ፤ ወደ 60 እና 70 የሚጠጋ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። መሣሪያው ጥቂት ይሁን። ብቻውን የሚጫወት ፒያኖ ወይም ጊታር ይበቃል። በድንገት ከፍ የሚል፣ ከበሮ የሚደበልቅ፣ ማስታወቂያ የሚያቋርጠው ነገር አይሆንም። የማስታወቂያውን ነገር እንደ ቀላል አትዩት። ውሻው እያንቀላፋ ሳለ የበር ደወል ድምፅ ያለበት ማስታወቂያ ከመጣ ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ። ዘፈኖቹን አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት አጫውቱ።

እንግዲህ ትልቁ ጉዳይ መልመድ ነው። እነዚሁ ግላስጎዎች ከዚያ ቀደም በ2015 አንድ ዓይነት ክላሲካል ለቀናት ሲያሰሙ ውሾቹ የመጀመሪያውን ቀን ተረጋጉ፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ግን ለውጡ እየጠፋ ሄደ። ለመዱታ! «ለውሻ ዘና ማያ፣ የ10 ሰዓት ሙዚቃ» የሚለውን ከፍተው ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ ሰዎችን የምቃወመው ለዚህ ነው። ውሻው ከሰዓት በኋላ ከማቀዝቀዣው ጉርምርምታ አይለየውም። እኔ ጋ ጠዋት ፒያኖ ከሆነ ከሰዓት ሬጌ ነው፤ መሀል ላይ ረጅም ዝምታ አለ። በአንድ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይበቃል።

ሲዘጋም በዘዴ ነው። በ2017ቱ ሙከራ ላይ ሙዚቃው ቀጥ ካለ በኋላ ውሾቹ ብዙ መጮህ አመጡ። ስለዚህ አንዴ ቀጭ አታድርጉት። በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያላችሁ ድምፁን አውርዱት። ብዙ ስልክ ላይ የእንቅልፍ ሰዓት ቆጣሪ አለ፤ አንዳንዱ ድምፁን ራሱ እያሳነሰ ይዘጋላችኋል።

ስፒከሩ የት ይቀመጥ፣ ድምፁስ?

ድምፁ ሁለት ሰዎች ክፍሉ ውስጥ ሳይጯጯሁ ማውራት የሚችሉበት ይሁን። ይሄ 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ከዚያ ዝቅ ቢል ይሻላል እንጂ ከፍ አይበል። ስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ አለ፣ በነፃ ይገኛል። ስትለኩ ግን ስልኩን የእንስሳው ራስ ያለበት ቦታ አድርጉት፤ እናንተ ቆማችሁ የምትሰሙትና ስፒከሩ ሥር የተኛው የሚሰማው አንድ አይደለም።

ስፒከር ወለል ላይ አታስቀምጡ። ባሱ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ በወለሉ በኩል ይሄዳል፣ እንስሳው በሆዱ ይሰማዋል። ቻርልስ ዳርዊን ይህን በምድር ትል አሳይቷል፤ ውጤቱን በ1881 አሳትሞታል። ለትሎቹ ባሶን የተባለውን ወፍራም የትንፋሽ መሣሪያ ነፉላቸው፣ ፒያኖም መቱላቸው። ትሎቹ ንቅንቅ አላሉም። የትሎቹን ማሰሮ ፒያኖው ላይ አስቀምጠው አንድ ኖታ ሲመቱ ግን ጉድጓዳቸው ውስጥ ጥልቅ አሉ። ድምፁን አልሰሙም፣ ንዝረቱ ግን ደረሳቸው። ውሻ ትል አይደለም፤ ይሰማልም፣ ይዳስሳልም። ስለዚህ ስፒከሩ መደርደሪያ ላይ ይውጣ፣ ሥሩ የታጠፈ ፎጣ ይግባ፣ ባሱ ይቀነስ።

ከሁሉም በላይ ግን በር ክፍት ይሁን። ይሄ የማልደራደርበት ነገር ነው። እንስሳው ሙዚቃው ካልተመቸው ተነስቶ መሄድ መቻል አለበት። ጎጆው ውስጥ ዘግታችሁበት ከአጠገቡ ስፒከር ማስቀመጥ ማረጋጋት አይባልም። በ2007 ታማሪንና ማርሞሴት የተባሉ ትንንሽ ጦጣዎች የፈለጉበት ቦታ ላይ እየተቀመጡ የሚሰሙትን እንዲመርጡ ተደርጎ ነበር። ከፈጣን ሙዚቃ ቀርፋፋውን መረጡ። ቀርፋፋ ሙዚቃና ዝምታ ሲቀርብላቸው ደግሞ ዝምታን መረጡ። እናንተም ቤት ሁለት ክፍል ካለ አንዱ ውስጥ ሙዚቃ፣ አንዱ ውስጥ ዝምታ አድርጉና በሩን ክፈቱ። ውሻው ራሱ ይነግራችኋል።

ድመት የራሷን ሙዚቃ ትፈልጋለች

የሰውን ሙዚቃ ድመት ብዙም አትቆጥረውም። በ2015 የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች ከቼሎ ተጫዋቹ ዴቪድ ቲ ጋር ሆነው ለድመት የተሠራ ሙዚቃ ለ47 ድመቶች አሰሙ። ሙዚቃው የተቀናበረው ድመት ደስ ሲላት ከጉሮሮዋ በምታወጣው እርርር በሚል ድምፅና ግልገል ጡት ሲጠባ በሚኖረው ፍጥነት ላይ ነው። የድምፁ ከፍታም ድመቶች እርስ በርስ ወደሚነጋገሩበት ተጠግቷል። ድመቶቹ ወደ ስፒከሩ ሄዱ፣ ጉንጫቸውን አሻሹበት። የሰው ክላሲካል ሲከፈት ግን ዞር ብለው አላዩትም።

ለውሻ የተለየ ሙዚቃ አያስፈልግም ብዬ ለድመት ሲሆን ሐሳቤን የቀየርኩት በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ማስረጃ አለ። በሉዊዚያና የተሠራ ሌላ ጥናትም ሐኪም ቤት የድመት ሙዚቃ የሰሙ ድመቶች ክላሲካል ከሰሙትና በዝምታ ከታዩት ይልቅ ጭንቀታቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የጭንቀት ምልክት የሚታይበት የደም ምርመራ ግን ልዩነት አላሳየም። ስለዚህ ይረዳል፣ ተአምር ግን አይደለም።

ሐኪም ቤት መውሰድ ለብዙ ድመት ትልቁ ጣጣ ነው። እኔ ጋ የምትመላለስ ሚጡ የምትባል ግራጫ ድመት አለች። ሳጥኗን ስታይ እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ ትቀራለች፤ ጥፍሯ ሲፍቅ ይሰማል። ሳጥኗን ክፍሉ መሀል ክፍት አድርጌ ተውኩት። የምትተኛበትን ጨርቅ ውስጡ አነጠፍኩ። ትንሿን ስፒከር ከሳጥኑ አንድ ክንድ ያህል አራቅኩና የድመት ሙዚቃውን በጣም ዝቅ አድርጌ ከፈትኩ። ሳጥኑ ውስጥ አላስቀመጥኩትም። ወዲያው አልገባችም። በመጀመሪያ ጆሮዋ ብቻ ወደዚያ ዞረ፤ አንዱ ጆሮ ወደ ስፒከሩ፣ ሌላው ወደ እኔ። ቀስ ብላ መጥታ የስፒከሩን ጫፍ አሸተተች፣ በጉንጯ አሸችው። ከዚያ ሳጥኑ ደጃፍ ላይ ሁለት እግሯን አስገብታ ቁጭ አለች። እዚያ ላይ ሙዚቃውን ዘጋሁ። ዋናው ነገር እሱ ነው፤ ጥሩ ላይ እያለች ማቆም። በሚቀጥሉት ቀናት እየገባች መተኛት ጀመረች። ሐኪም ቤት ስንሄድ ያው ሙዚቃ ስልኬ ላይ ነበር።

ቤት ጥለውት ሲወጡ

ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ጫማ ያደርጋል፣ ቁልፍ ያነሳል፣ ሙዚቃ ይከፍታል፣ ይወጣል። ውሻው ይህን ለማጥናት ጊዜ አይፈጅበትም። ሙዚቃው «ጥለውህ ሊሄዱ ነው» የሚል ደወል ይሆንበታል። ገና ሲከፈት ማልቀስ ይጀምራል፣ ባለቤቱ ደግሞ «ሙዚቃ ይጠላል» ይላል።

ስለዚህ መጀመሪያ እናንተ ቤት ባላችሁበት ክፈቱ። ውሻው በልቶ፣ ተንሸራሽሮ፣ እንቅልፍ ሲጫጫነው። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ መጽሐፍ አንብቡ ወይም ጀርባውን ዳበስ ዳበስ አድርጉት። ሙዚቃውና ሰላሙ አንድ ላይ ይያያዙለት። ይሄ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ከዚያ ስትወጡ ከመውጣታችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀድማችሁ ክፈቱ። ስትመለሱም ገብታችሁ ወዲያው አትዝጉ።

አንዳንዱ ውሻ ከሙዚቃ ይልቅ የሰው ድምፅ ይሻለዋል። በ2016 የወጣ ጥናት ላይ መጠለያ ውስጥ ያሉ ውሾች ከክላሲካልም ከፖፕም ይበልጥ የተረጋጉት የተተረከ መጽሐፍ ሲከፈትላቸው ነው። ተራኪው ረጋ ያለ፣ የማይጮህ ይሁን። የክርክር ፕሮግራም ወይም የኳስ ጨዋታ አስተላላፊ አይሆንም፤ ያ እኔንም ያስበረግገኛል።

ነጎድጓድና ርችት

ሰማዩ ከጮኸ በኋላ ሙዚቃ ለመክፈት የሚሯሯጥ ሰው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ውሻው አንዴ ከደነገጠ የሚሰማው ነገር የለም። ምግብ እንኳ ብትሰጡት አይቀበልም።

ነብሮ የሚባል ትልቅ ውሻ እኔ ጋ ያድራል። ስሙ ነብር ነው፣ ነጎድጓድ ሲሰማ ግን ገላ መታጠቢያ ክፍል ገብቶ ከግድግዳውና ከመቀመጫው መሀል ይሸጎጣል። ሰማዩ ገና ሲጠቁር ያዛጋል። ቀጥሎ ምላሱ አፍንጫውን ይነካል። ቀጥሎ ትንፋሹ ይፈጥናል። እኔ ያዛጋ ጊዜ ነው የምጀምረው። መጋረጃ እዘጋለሁ፣ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ምንጣፉን አነጥፋለሁ። እሱ የመረጠው ቦታ ነውና ከዚያ አላወጣውም። ከዚያ በደህናው ቀን ስንዳበስ የምንሰማውን ያንኑ ቀርፋፋ ሬጌ እከፍታለሁ። ፒያኖ ሳይሆን ሬጌ የሆነበት ምክንያት አለው፤ በዝናብ ቀን ብቻ ባሱን ብዙ አልቀንሰውም። ነጎድጓድ ወፍራም ድምፅ ነው፤ ቀጭን ፒያኖ ሊሸፍነው አይችልም። ሬጌው የሩቁን ጉርምርምታ ይውጠዋል። የቅርቡን መብረቅ ግን ምንም አይሸፍነውም፣ ልሸፍን ብዬ ድምፅ ብጨምር ደግሞ ራሱ ሙዚቃው ነጎድጓድ ይሆንበታል። በቅርብ ሲጮህ ነብሮ ይንቀጠቀጣል። ልዩነቱ ቶሎ ይመለሳል፤ ራሱን እግሬ ላይ ጥሎ ይቆያል።

ርችት የሚተኮስበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ ገና ሳይመሽ አንሸራሽሩት፣ አብሉት፣ ሙዚቃውን ክፈቱ። ደግሞ አቅፋችሁ አጽናኑት። «ካጽናናኸው ፍርሃቱን ታባብሰዋለህ» የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው።

የራሳችሁ ድምፅ

ስፒከር ከሌላችሁም አፍ አላችሁ። ፓትሪሺያ ማኮኔል የተባለች የእንስሳት ጠባይ ባለሙያ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ እንስሳ አሠልጣኞችን ድምፅ ቀድታ ነበር። ውሻ ይሁን ፈረስ፣ እንስሳውን ለማንቀሳቀስ ሲፈልጉ ሁሉም አጫጭር የሚደጋገም ድምፅ ያወጣሉ። ለማቀዝቀዝ ሲፈልጉ አንድ ረጅም፣ ወደ ታች የሚወርድ ድምፅ ይጠቀማሉ። ቃሉ ይለያያል፣ ዜማው ግን ያው ነው። ስለዚህ ውሻችሁ ሲንቀዠቀዥ «ተው! ተው! ተው! ተው!» ማለት እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። «ተ...ው» ብላችሁ አርዝሙት፣ ወደ ታች አውርዱት።

በሞንጎሊያ የጎቢ በረሃ ግመል አርቢዎች ይህን ጥበብ ጥግ አድርሰውታል። እናት ግመል ግልገሏን አላጠባም ስትል፣ ወይም እናት የሞተችበትን ግልገል ሌላዋ እንድትቀበል ሲፈለግ፣ አብረው ያስሩዋቸውና እየደጋገሙ ያዜሙላታል። የፈረስ ራስ የተቀረጸበት ባለ ሁለት ክር መሣሪያ ወይም ዋሽንት ያጅባል። ግመሏ እንባዋ ይፈሳል ይባላል፤ ከዚያ ታጠባለች። ዩኔስኮ በ2015 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች ውስጥ መዝግቦታል።

ላም፣ ፈረስ፣ ወፍ፣ ዓሣ

የባለቤቴ ወንድም ላሞች አሉት። ማለቢያው ውስጥ ሬዲዮ አለ፤ ድሮ የሚከፍተው ለራሱ እንጂ ለላሞቹ አልነበረም። ላም ስትደነግጥ አድሬናሊን የሚባለው የድንጋጤ ሆርሞን ይለቀቃል፣ እሱ ደግሞ ወተት የሚያወርደውን ኦክሲቶሲን ያግደዋል። ወተቱ ጡቷ ውስጥ እያለ ትይዘዋለች። በ2001 የሌስተር ተመራማሪዎች በደቂቃ ከ100 ምት በታች የሆነ ቀርፋፋ ሙዚቃ የሰሙ ላሞች ከ120 በላይ የሆነ ፈጣን ሙዚቃ ከሰሙት ይልቅ በቀን በአንድ ላም 0.73 ሊትር ጭማሪ ሰጡ ብለዋል። ያን ነገርኩትና ሬዲዮው በዘገምተኛ ዘፈን ተተካ። ሊትሩን አልለካም። ላሞቹ ግን እየታለቡ ማመንዠክ ጀምረዋል፤ የተጨነቀች ላም አታመነዥክም። ለመሞከር የፈለገ ሰው ሙዚቃውን ከማለብ ሰዓት ጋር ብቻ ያያይዘው። ላሞቹ ድምፁን ሲሰሙ ራሳቸው መምጣት ይለምዳሉ። ብረት የሚያንኳኳ በርና የሚጮህ አላቢ ባለበት ግን ሙዚቃ ምን ሊያደርግ!

ፈረስ ጋጣ ውስጥም ሕጉ ያው ነው። ጃዝ አይመከርም፤ የሚቆራረጠው ምት ፈረስ ያቅበጠብጣል።

በቀቀን ግን ሌላ ነገር ነው። ከእንስሳት ውስጥ ምት ጠብቀው መወዛወዝ የሚችሉ ጥቂት ናቸው። ስኖውቦል የተባለው ነጭ በቀቀን ይህን እንደሚችል በ2009 ተመዝግቧል። ዘፈኑን ሲያፈጥኑበት እሱም ፈጠነ። በ2013 ደግሞ ሮናን የተባለች የባሕር አንበሳ ራሷን ከምቱ ጋር መነቅነቅ ተምራ አሳየች። ስለዚህ ለበቀቀን ሙዚቃ ማስተኛ ብቻ አይደለም፣ ጨዋታ ነው። ጠዋት ፈጣን ዘፈን ክፈቱና አብራችሁ ተወዛወዙ። ራሱን ነቅነቅ ካደረገ፣ እግሩን ካነሳ፣ ከተሳተፈ በቃ ጓደኛ አገኛችሁ። ላባውን ከሰውነቱ ጋር አጥብቆ አጣብቆ አንገቱን ካስረዘመ ግን ፈርቷል፣ ዝጉ። ሲመሽ ደግሞ ጨለማና ዝምታ ይስጡት እንጂ ሬዲዮ አታስመሹበት።

የዓሣ ገንዳ ላይ ስፒከር አታስቀምጡ። ውሃ ንዝረትን በደንብ ያስተላልፋል፣ ዓሣው መሸሻ የለውም። ጥንቸልና ሃምስተር ላላችሁም ምክሬ አጭር ነው፦ ከስፒከሩ አርቋቸው።

ሙዚቃ የማይመልሰው

ውሻው ብቻውን ሲቀር በር እስኪደማ የሚቧጭር፣ ራሱ ላይ የሚሸና፣ ምግብ የማይቀምስ ከሆነ ሙዚቃ አይበቃውም። የእንስሳት ሐኪም መድኃኒትም ሥልጠናም ያዝዛል።

ድሮ ድምፅ የማይፈራ ውሻ ካደገ በኋላ በድንገት መፍራት ከጀመረ ሕመም ይኖርበት እንደሆነ ይታይ። በ2018 የሊንከን ተመራማሪዎች የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ያለባቸው ውሾች ድምፅ መፍራት የሚጀምሩት በዕድሜ ገፋ ብለው እንደሆነ አይተዋል። ድምፅ ሲያስደነግጠው ሰውነቱ ይኮማተራል፣ የታመመው ቦታ ያመዋል፣ ድምፁንና ሕመሙን ያገናኛል። እንዲህ ያለውን ውሻ በፒያኖ ማባበል ከንቱ ድካም ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ነጎድጓድ ሲፈራ የኖረ ሽማግሌ ውሻ አንድ ክረምት ላይ ምንም ሳይመስለው ቢያንቀላፋ «ሙዚቃው ሠራ» ብላችሁ አትቸኩሉ። ሲተኛ ከጀርባው ሁኑ። ንፋስ እንዳይነካው፣ ወለሉ እንዳይነዝር ራቅ በሉና ቁልፍ አንቀጫቅጩ። ጆሮው ካልተንቀሳቀሰ በሌላ ቀን ድገሙት። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ መስማት አቁሞ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ጋ ውሰዱት። እስከዚያው መንገድ ላይ ማሰሪያውን አትፍቱለት፤ መኪና ሲመጣ አይሰማውም።